የኮክ ልብ ያለው ዳቦና ያኮረፈው አውራ ዶሮ

ተረቴን ልወረውር ነው፤ መዳፋችሁን ዘርጉ። የቀለበ ይብላ፣ ያመለጠው ከጎረቤቱ ይለምን።

ከወንዙ ወዲህ፣ ከገደሉ በላይ፣ ሾላ ግርጌ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ዳቦ ስትጋግር ሽታው ሦስት ጋራ ተሻግሮ የሰው ልጅ ሥራ ያስፈታል። አንድ ጊዜማ አንድ ሟች ወደ መቃብሩ ሲወሰድ በደጇ አለፈና ከቃሬዛው ላይ ቀና ብሎ፣ "ዛሬ ምን ጋገረች?" አለ ይባላል። እውነት ነው ውሸት ብሎ የሚከራከር ካለ ሟቹን ይጠይቅ።

ይቺ አንጓች ታዲያ ጉሮሮዋ ላይ የቆመ አንድ ነገር ነበራት። በጥር ወር ልጇን ስመኝን ከወንዙ ማዶ ዳረች። በሰርጉ ዕለት የሙሽራው እናት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ አራት ጎረምሳ ተሸክሞ ካስገባው ድፎ ዳቦ አንድ ቁራሽ አነሱ፤ ገመሱት፤ ጉድጓድ እንደሚያይ ሰው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ውስጡን አዩና፣

"ውጭውስ ያምራል፤ ልቡ ግን ባዶ ነው" አሉ። "ሙሽራይቱም እንደ እናቷ ዳቦ እንዳትሆንብኝ ብቻ!"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ስመኝ አንገቷን ደፋች። ደፍታ ቀረች። እስከ ሐምሌ ድረስ ማዶ ያዩዋት ሰዎች ሁሉ፣ "ልጅሽ መሬት ላይ ምን ጠፍቷት ነው የምትፈልገው?" እያሉ አንጓችን ይጠይቋት ነበር።

አንጓች ያን ዕለት ከእንግዳው ጋር አብራ ስቃ፣ ሳቋን ሳትጨርስ ፎከረች። "ቆዩኝ እሜቴ! ቤቴ የመጡ ዕለት ልቡ የሞላ ዳቦ አበላዎታለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን!" ምን ዓይነት ዳቦ እንደሆነ ግን ራሷም አታውቅም ነበር። አፏ ከእጇ ቀድሞ ሄዶ ነው።

መላውን ያመጣችው ያችው ስመኝ ናት። ከተማ ወርዳ ኬክ ቤት ያየችውን ለእናቷ ነገረቻት። "እማዬ፣ ፍራፍሬ በስኳር ያበስሉና ትሪ ላይ ያፈሱታል። ከላዩ ሊጥ አልብሰው ይጋግሩታል። ሰው በማንኪያ እየጨለፈ ይበላል።"

አንጓች አሰበችበት። "በትሪማ ከሆነ ሰው ለመሃሉ ይጋፋል። ዳር ዳሩ ለማን ሊተርፍ ነው?" ስለዚህ አሥራ ሁለት የቆርቆሮ ኩባያ ሰበሰበች። ውስጣቸውን በኮባ ቅጠል አለበሰች። ከሥር ሊጥ፣ ከመሃል በማርና በቅቤ የበሰለ ኮክ፣ ከላይ ሊጥ። ኩባያዎቹ ትልቅ የሸክላ ድስት ውስጥ ይደረደራሉ፤ ከድስቱ ሥር ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ፍም። ለሁሉም የየራሱ ዳቦ፣ ለየዳቦው የየራሱ ልብ! ኮኩ እስኪበስል ድረስ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እጇን ለማፍታታት፣ ልብ የሌለውን የኩባያ ዳቦ ጋገረች። ሲገለበጥ ዱብ! ብሎ ይወጣል። እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው፤ አንዲት ፍርፋሪ አይጥልም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

ቀኑ ደረሰ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ለእኩለ ቀን ይመጣሉ። ሊጡ ተቦክቷል፣ ኩባያው ቅጠሉን ለብሷል፣ ማሩ ቀርቧል። አንጓች የቀራት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፦ አንድ ቁና ኮክ። ወደ ማዶ ብታይ፣ ከጋራው ጫፍ ላይ ቀይ ጃንጥላ ብቅ ብሏል። ከዚህ ሲታይ የበርበሬ ፍሬ ያክላል። ሊጡም ክዳኑን ከሥር እየገፋ "ኩፍ፣ ኩፍ" ይላል። አንጓች ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነችበትና፣ "እስክመለስ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል" ብላው ቁናዋን ይዛ ወጣች።

በሾላ ግርጌ ያለው የኮክ ዛፍ አንድ ነው፤ እሱም የአያ ጓንጉል ነው። ከመርዘሙ የተነሳ ጫፉ ላይ የተቀመጠ ወፍ ጨረቃን የሚያየው ወደ ታች ነው። አያ ጓንጉል ከሥሩ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"እንደምን አደሩ አያ ጓንጉል?"

"ይመስገን። ምን ፈልገሽ ነው? አንቺ ያለ ጉዳይ እንደምን አደሩ አትይም።"

"አንድ ቁና ኮክ።"

"አንድ ቁና ብቻ? ዛፉን በሙሉ ውሰጂው! እኔ ምን ላደርገው? የቀሩኝ ጥርሶች ሁለት ናቸው፤ እነሱም ተኳርፈው አይገናኙም።" ቀና ብለው ዛፉን አዩ። "ግን የታችኛውን ዝንጀሮ ጨርሶታል። የላይኛው ያለ መሰላል አይደረስም። መሰላሌ ደግሞ ባለፈው ሁለት መወጣጫ ጣለ፤ ቀጥሎ እኔን ጣለኝ።"

"ዛፉን ብናወዛውዘውስ?"

"ከዚያ ላይ የወደቀ ኮክ ኮክ አይባልም፤ ወጥ ነው። ሂጂ፣ አናጺውን ደባሽን አምጪልኝ።"

አንጓች በጣቷ ቆጠረች። መሰላሉ ካልተጠገነ አያ ጓንጉል አይወጡም፤ አያ ጓንጉል ካልወጡ ኮኩ አይወርድም፤ ኮኩ ካልወረደ ዳቦው ልብ አያገኝም፤ ዳቦው ልብ ካላገኘ ስመኝ ቀና አትልም። ነጠላዋን አደገደገችና ሮጠች። አያ ጓንጉልም፣ "ይህንንስ ቁጭ ብዬ አይደለም የማየው" ብለው፣ መሰላላቸውን በትከሻቸው፣ ከዘራቸውን በእጃቸው ይዘው ተከተሏት።

አናጺው ደባሽ በደጁ ግንድ ላይ ተጋድሞ ሰማይ ይቆጥራል።

"ደባሽ ወንድሜ፣ ተነስ! መሰላሉን ጠግንልኝ። መሰላሉ ካልተጠገነ አያ ጓንጉል አይወጡም፤ አያ ጓንጉል ካልወጡ ኮኩ አይወርድም፤ ኮኩ ካልወረደ ዳቦው ልብ አያገኝም፤ ዳቦው ልብ ካላገኘ ስመኝ ቀና አትልም!"

"እትዬ አንጓች፣ በሞቴ፣ ይህን መጥረቢያ እዪልኝ" አለ ደባሽ ሳይነሳ። "ዛሬ ጠዋት ዝንብ ስለቱ ላይ አረፈች። ትቆረጣለች ብዬ ሳዝንላት ጋደም አለች፤ ይኸው እስካሁን ተኝታለች። ድምፅሽን ቀንሺ፣ እንዳትነቃ።"

"እና በምን ሊሳል ነው?"

"ቀጥቃጩ ልየው በእሳት ካላጋመው አይሆንም።"

"እኔን እሳት ይብላኝ!" አለች አንጓች። ወደ ማዶ አየች። ቀዩ ጃንጥላ ጋራውን ጨርሶ ቁልቁል ይዟል፤ አሁን ቲማቲም ያክላል። ከቤቷ በኩል ደግሞ "ኩፍ!" የሚል ድምፅ መጣ። ሊጡ ድንጋዩን አንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው።

ልየው ወናፉን ተንተርሶ እንደተኛ ደረሱበት። ወናፉ ነፋስ አጥቶ እንደ ጾመኛ ሆድ ተጣብቋል።

"ልየው፣ ነፍሴ፣ መጥረቢያውን ሳልልኝ!" አለች አንጓች እያለከለከች። "መጥረቢያው ካልተሳለ መሰላሉ አይጠገንም፤ መሰላሉ ካልተጠገነ አያ ጓንጉል አይወጡም፤ አያ ጓንጉል ካልወጡ ኮኩ አይወርድም፤ ኮኩ ካልወረደ ዳቦው ልብ አያገኝም፤ ዳቦው ልብ ካላገኘ ስመኝ ቀና አትልም!"

"ሰማሁ፣ ሰማሁ። እኔ እንቢ ብያለሁ? ከሰል የለኝም እንጂ። በትንፋሼ ላጋመው?"

"ሚስትህ ስትናገር እንደሰማሁትማ ትንፋሽህ ይበቃል።"

አያ ጓንጉል ሁለቱን ጥርሳቸውን አሳይተው ሳቁ። ልየው አኮረፈ። ለማኩረፍ ግን ጊዜ የለም፤ አንጓች ከወናፉ ላይ በክንዱ ጎትታ አስነሳችው።

"ከሰሉ ማን ጋ ነው?"

"ከሰል አክሳይዋ ስንዱ ጋ ነው እንጂ ማን ጋ ይሆናል? እኔም መጣሁ፤ ያቺን ሴት ሳታስለቅሻት አትቀሪም።"

አሁን እንግዲህ አራት ሆነው ይሮጣሉ። አንጓች ከፊት ቁናዋን ይዛ፣ ደባሽ መጥረቢያውን ዝንቧን እንዳይቀሰቅስ በሁለት እጁ ይዞ፣ ልየው ወናፉን አዝሎ፣ ከኋላ አያ ጓንጉል ከነመሰላላቸው። በሩቅ ያየ ሰው ቤት ሊቃጠል ነው ብሎ ውሃ ይዞ ወጣ።

ስንዱ የከሰል አቧራ ለብሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ የሚታየው ዓይኗና ጥርሷ ብቻ ነው። አንጓች ገና አፏን ስትከፍት ተከታዮቿ ሁሉ አብረው ተቀበሏት፦

"ከሰሉ ካልመጣ ወናፉ አይነፋም! ወናፉ ካልተነፋ መጥረቢያው አይሳልም! መጥረቢያው ካልተሳለ መሰላሉ አይጠገንም! መሰላሉ ካልተጠገነ አያ ጓንጉል አይወጡም! አያ ጓንጉል ካልወጡ ኮኩ አይወርድም! ኮኩ ካልወረደ ዳቦው ልብ አያገኝም! ዳቦው ልብ ካላገኘ ስመኝ ቀና አትልም!"

"ውይ ልብ አደረቃችሁኝ!" አለች ስንዱ። "ከሰሉ ሞልቷል። አምስት ማዳበሪያ ሙሉ ጫካው ዳር ቆሟል። የሚያመጣው ጠፋ እንጂ። አህያዬ አልነሳም ብላ ይኸው ሦስተኛ ቀኗ።"

"አንቺ ራስሽ አትሸከሚውም? ትከሻሽ ምን ሆነ?"

"እኔ ከሰሉን ከተሸከምኩ እሷ ምን ልትሸከም ነው እትዬ? ቅር ይላታል እኮ! አታውቂያትም፤ ሆደ ባሻ ናት።"

አህያዋ ስሟ ሸጋ ነው። ከጓሮው ተጋድማለች። አህያ አይናገርም የሚል አድማጭ ካለ አሁኑኑ ይነሳና ይሂድ፤ የቀረነው እንቀጥል። አንጓች ከጆሮዋ ሥር ተንበረከከች።

"ሸጋዬ፣ የኔ እመቤት፣ ተነሽልኝ! አንቺ ካልተነሳሽ ከሰሉ አይመጣም፤ ከሰሉ ካልመጣ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልተነፋ መጥረቢያው አይሳልም፤ መጥረቢያው ካልተሳለ መሰላሉ አይጠገንም፤ መሰላሉ ካልተጠገነ አያ ጓንጉል አይወጡም፤ አያ ጓንጉል ካልወጡ ኮኩ አይወርድም፤ ኮኩ ካልወረደ ዳቦው ልብ አያገኝም፤ ዳቦው ልብ ካላገኘ ስመኝ ቀና አትልም!"

ሸጋ አንድ ዓይኗን ገለጠች። "ነግቷል እንዴ?"

"ፀሐይዋ አናትሽ ላይ ናት!"

"ፀሐይ በራሷ ጉዳይ ነው የምትወጣው። እኔ የምነሳው ዶሮ ሲጮህ ነው። እናቴም የምትነሳው ዶሮ ሲጮህ ነበር፤ አያቴም እንደዚሁ። ሥርዓት አለን። ሦስት ቀን ሙሉ ዶሮ አልጮኸም፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ አልነጋም።"

ይህን ጊዜ ደባሽ ግንባሩን መታ። "ለካ ለዚህ ነው! ሦስት ቀን ሙሉ ቁርሴን የበላሁት ከራቴ ጋር ነው!"

"እኔም እንቅልፍ የበዛብኝ ሞት ጠርቶኝ መስሎኝ ነበር" አሉ አያ ጓንጉል። "ትናንት ከልጆቼ ጋር ተሰነባብቼ ነው ያደርኩት።"

"ታዲያ ሂዱና ዶሮውን ጩህ በሉት!" አለች አንጓች። "የማን ዶሮ ነው?"

ሁሉም እሷን ያያሉ። በሾላ ግርጌ የነበረውን አውራ ዶሮ በሙሉ ፋሲካ ፈጅቶታል። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ ለድምፁ ሲባል ከቢላ የተረፈ፣ ባሻ የሚባል።

"ምን ታዩኛላችሁ?"

"እትዬ፣" አለች ስንዱ ቀስ ብላ፣ "ባሻ እኮ ያንቺ ዶሮ ነው።"

እንግዲህ አንጓች መንደሩን ዞራ ዞራ፣ በሄደችበት መንገድ ወደ ራሷ ደጅ ተመለሰች። ባሻ ጣራው ጫፍ ላይ ጀርባውን ለመንደሩ ሰጥቶ ቆሟል። ቤት ውስጥ ሊጡ "ኩፍ!" ባለ ቁጥር ድንጋዩ ክዳኑ ላይ ይደንሳል። ቀዩ ጃንጥላ ወንዙ ዳር ደርሷል፤ አሁን ዱባ ያክላል።

"ባሻ! አንተ ባሻ! ጩህ እንጂ!" አለች አንጓች። "አንተ ካልጮህክ ሸጋ አትነሳም፤ ሸጋ ካልተነሳች ከሰሉ አይመጣም፤ ከሰሉ ካልመጣ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልተነፋ መጥረቢያው አይሳልም፤ መጥረቢያው ካልተሳለ መሰላሉ አይጠገንም፤ መሰላሉ ካልተጠገነ አያ ጓንጉል አይወጡም፤ አያ ጓንጉል ካልወጡ ኮኩ አይወርድም፤ ኮኩ ካልወረደ ዳቦው ልብ አያገኝም፤ ዳቦው ልብ ካላገኘ ልጄ ቀና አትልም!"

ባሻ ጭራውን አንድ ጊዜ ነቀነቀ። አልዞረም።

"አኩርፏል" አሉ አያ ጓንጉል። ሽማግሌ ናቸውና ይህ ጉዳይ የሳቸው ነው። ከዘራቸውን ተክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ባሻ ልጄ፣ ምን በደለችህ? እስቲ ለሽማግሌ ንገር" አሉት።

ባሻ በአንድ እግሩ ዞረ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ጮኼላታለሁ። ዝናብ ቢሆን፣ ጉንፋን ቢይዘኝ ቀርቼ አላውቅም። ጠዋት ድፎ ዳቦዋን ስትቆርስ ፍርፋሪው የኔ ነበር። ከዚያ ያንን ኩባያ አመጣች። ዱብ! ይገለበጣል፤ ጉርስ! ይዋጣል። ፍርፋሪ የሚባል የለም። እሺ ይሁን፣ ትረሳለች፣ ሰው ናት ብዬ ሁለት ሳምንት ተኩል ታገሥኩ። በመጨረሻ ሌማቷን ዞሬ ዞሬ ባዶ ሆኖብኝ ብጠይቃት ምን አለችኝ? 'ሂድ ወዲያ፣ ወሬኛ!'"

"ወሬኛማ ነህ" አለች አንጓች።

"አንጓች!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

"ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቀኝ" አለ ባሻ። "ያለዚያ አልጮህም።"

በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሽማግሌ ባለበት ማሩኝ ይላል። ለተጣላ ወንድም ይደረጋል፤ ለአማት ይደረጋል። ለዶሮ ግን ተደርጎ አያውቅም።

"እኔ? ለዶሮ? ለመስቀል በወጥ ለምንገናኘው?"

ባሻ መልሶ ጀርባውን ሰጠ።

አንጓች ወደ ወንዙ አየች። ጃንጥላው ተሻግሯል። ከጃንጥላው ኋላ፣ ዘንቢል ተሸክማ፣ አንዲት ልጅ ትመጣለች። ፊቷ አይታይም። የሚታየው አናቷ ብቻ ነው፤ ዳገቱን ሙሉ መሬት መሬቱን እያየች ነው የምትወጣው።

"የሷ አንገት ተደፍቶ ከሚቀር የኔ ይደፋ" አለች አንጓች። "ድንጋይ ስጡኝ!"

ድንጋይ ተፈለገ። የሐምሌ ዝናብ የግቢውን ድንጋይ በሙሉ ጭቃ ውስጥ ቀብሮታል። በግቢው ያለ ደረቅ ድንጋይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሊጡን የያዘው። አንጓች ገባችና አነሳችው።

ሊጡ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። ክዳኑን ወደ ጣራው ወረወረ፤ በድስቱ አፍ ወጣ፤ ምድጃውን ተሻገረ፤ አልጋው ላይ ወጥቶ ወረደ፤ በበሩ ብቅ ብሎ ግቢውን አየ። ስንዱና ልየው ተጋግዘው በሰፌድ ባይመልሱት ኖሮ ወይዘሮ ማንጠግቦሽን መንገድ ላይ ይቀበላቸው ነበር።

አንጓች ዞራም አላየችው። ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አስቀምጣ በዶሮው ፊት ጎነበሰች።

"ባሻ፣ በድዬሃለሁ። ፍርፋሪህን ረስቻለሁ። ወሬኛም ብዬሃለሁ።"

"ነኝ ወይ?"

"አይደለህም።"

"ታዲያ ምንድን ነኝ?"

"መንደሩን የምትቀሰቅስ ነህ።"

"ጨምሪበት።"

"ፀሐይም ብትሆን አንተን ሳትሰማ አትወጣም።"

"ጥሩ ነው፤ ትንሽ ደግሞ ጨ..."

"ባሻ፣ ድንጋዩ ከብዶኛል፣ አንተ ነገረኛ!"

"በቃ በለው ልጄ፣ ማራት" አሉ አያ ጓንጉል። "እኔም ቆሜ መሰላል ተሸክሜያለሁ።"

"ምሬያታለሁ" አለ ባሻ። "ፍርፋሪውስ?"

ሁሉም ወደ አንጓች ዞሩ። ዳቦ የለም፤ ዳቦው ገና ሊጥ ነው። አንጓች ግን ፊቷ ቀላ። ድንጋዩን አውርዳ፣ ሹክክ ብላ ገባችና፣ ከአልጋዋ ራስጌ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የኩባያ ዳቦ ይዛ ወጣች። ትናንት የጋገረችው ነው፤ እንግዳው ሲሄድ ለብቻዋ ልትበላው የደበቀችው።

"ኧረ አንጓች!" አለ ልየው። "እኛ እዚህ በረሃብ ስንሮጥ!"

"ዝም በል፣ ልቡ ባዶ ነው" አለችና በሁለት መዳፏ ፈረፈረችው።

ፍርፋሪው ወደቀ። ፍርፋሪው ሲወድቅ ባሻ ጮኸ፤ ባሻ ሲጮህ ሸጋ ተነሳች፤ ሸጋ ስትነሳ ከሰሉ መጣ፤ ከሰሉ ሲመጣ ወናፉ ተነፋ፤ ወናፉ ሲነፋ መጥረቢያው ተሳለ፤ ዝንቧም ነቅታ፣ "ምነው ተቻኮላችሁ?" ብላ በረረች፤ መጥረቢያው ሲሳል መሰላሉ ተጠገነ፤ መሰላሉ ሲጠገን አያ ጓንጉል ወጡ፤ አያ ጓንጉል ሲወጡ ኮኩ ወረደ! ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው አስነጥሶ "ይማርህ" እስኪባል ባለው ጊዜ ነው። ባሻ የሦስት ቀኑን አንድ ላይ ስለጮኸው፣ ማዶ ያሉ ሰዎች ሦስት ጊዜ ተነስተው ሦስት ቁርስ በሉ።

ኮኩ ተላጠ፣ ተከተፈ፣ ከማርና ከቅቤ ጋር ተንተከተከ፤ ኮረሪማ ተነሰነሰበት። ሊጡ ግን ለአሥራ ሁለት ኩባያ አይደለም፣ ለአሥራ ሁለት አገር ይበቃል። "ሁላችሁም ኩባያችሁን አምጡ!" አለች አንጓች። ደባሽ የምስማር ጣሳውን አራግፎ አመጣ። ስንዱ የዘይት ቆርቆሮ አመጣች፤ አጥባው ነጭ መሆኑን አይታ ራሷ ደነገጠች። ከሸጋ ጭነት የተረፈው ከሰል ከሥርም ከላይም ነደደ።

ዳቦው ግን ገና ድስት ውስጥ እንደገባ ቀዩ ጃንጥላ ከአጥሩ በር ደረሰ። አሁን ጃንጥላ ያክላል።

"አያ ጓንጉል፣" አለች አንጓች በሹክሹክታ፣ "በፈጠረዎት፣ ሰላም ይበሉልኝ። ረዘም አድርገው።"

አያ ጓንጉል ከዛፉ እንደወረዱ ቅጠሉን ከራሳቸው ሳያራግፉ በሩ ላይ ቆሙ። እሳቸው ሰላምታ የጀመሩ እንደሆነ እረፍት ይወሰድበታል።

"እንደምን ሰነበቱ እሜቴ? ደህና ነዎት? ቤተ ሰቡስ? ከብቱስ? ቦራው በሬ ደህና ነው? ያቺ ቀንዷ የተሰበረው ላምስ? ጥጃዋስ? የጥጃዋ ታናሽስ? ድመቷ ወለደች? ስንት? አንደኛው ደህና ነው? ሁለተኛውስ?"

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጨዋ ሴት ናቸውና ለእያንዳንዱ፣ "ይመስገን፣ ደህና ነው" ይላሉ። ስመኝ ከኋላቸው ቆማ የእግሯን ጣት ታያለች። አያ ጓንጉል የሰባተኛውን ጎረቤት ዶሮዎች በየስማቸው ሲጠይቁ ሽታው ወጣ። ንብ ቀፎዋን ትታ መጣች።

"ግቡ፣ ግቡ! ምነው ደጅ አቆያችኋቸው!" አለች አንጓች፣ ምንም የማታውቅ መስላ።

ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ ኩባያ ተገለበጠላቸው። ዱብ! እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ገመሱት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውስጡን ሊያዩ ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ያን ጊዜ ከዳቦው ልብ አንድ ቁራጭ ኮክ ከነማሩ ተንሸራትቶ አፍንጫቸው ላይ ፊጥ አለ።

ልየው ሳቁን ለመያዝ ነጠላውን ነከሰ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ኮኩን በጣታቸው ከአፍንጫቸው ጠረጉ። ጣታቸውን አዩት። ላሱት። ከዚያ ዳቦውን በሉ። ቀጥለውም የአጠገባቸውን ሰው ኩባያ ሳቡና እሱንም በሉ።

"አንቺ ስመኝ!" አሉ በመጨረሻ።

"አቤት እሜቴ" አለች ስመኝ፣ አንገቷን የባሰ ደፍታ።

"እኔ ምን ያለሁ ሞኝ ነኝ! በጥር እዚህ ድረስ መጥቼ አንቺን ወስጄ እናትሽን ጥዬ ሄድኩ?"

ስመኝ ሳቋ አመለጣት። እንዲህ ያለ ሳቅ ደግሞ መሬት እያዩ አይሳቅም። አንገቷ ቀና አለ፣ አፏ ተከፈተ፣ ጥርሷ ታየ። ስድስት ወር ሙሉ ስታጠናው የኖረችውን መሬት ትታ እናቷን አየቻት። አንጓችም የድንጋዩ ምልክት ያለበትን ማጅራቷን እያሸች አየቻት።

እነሆ ኮኩ ወረደ፤ ዳቦው ልብ አገኘ፤ ስመኝ ቀና አለች።

ሁሉም በልተው ሲጨርሱ ግን ከበሩ በኩል "እህም!" የሚል መጣ። ባሻ ነው። ሌማቱን በአንድ ዓይኑ ያያል፤ ሌማቱ ንጹሕ ነው። አንጓች ሳትበላ የቆየችውን የመጨረሻ ዳቦ አነሳችና ዳሩን ሆን ብላ፣ በደንብ አድርጋ፣ ሁሉም እያየ ፈረፈረችለት።

"ይህ ለነገ ጠዋት ነው" አለችው።

"ከነገ ወዲያ ጠዋትስ?" አለ ባሻ።

እኔ የወረወርኩት ይኸው ነው። የቀለበ በልቷል፤ ያልጠገበ ኩባያውን አጥቦ ይምጣ፤ ፍርፋሪውን ግን እንዳትነኩ፣ ባለቤቱ ጣራ ላይ ቆሞ ያያችኋል።